«ኢሲጂ ማንበብ የነርስ ሥራ አይደለም» ያለው ማነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ አሁን ነርስ ሆናለች። ስሟንም የምትሠራበትንም ቦታ አልናገርም፤ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሌሊት ተረኛ ነበረች። ከዓመታት በፊት ሀርት አታክ ይዟቸው የተረፉ አንድ አባት «ደረቴን ጨነቀኝ» ብለው ተኝተዋል። ሌሊት ላይ ሞኒተሩ ጮኸ፤ የልባቸው ምት በደቂቃ 200 ገብቷል። ወረቀቱን አትማ አየችው። ምቱ መፍጠኑ ብቻ አይደለም፣ ቅርጹ ሰፊ ነው። ለተረኛው ሐኪም ደወለች።

«ያወራሉ?» አላት።
«አዎ፣ ያወራሉ።»
«እያወሩማ ቪቲ አይሆንም። ጠዋት እናየዋለን።» ስልኩ ተዘጋ።

ደግማ ደወለች። አሁንም ጠዋት ተባለች። ሦስተኛ ስትደውል መጣ። ወረቀቱን ሲያየው እሷ ያለችው ነው። እሳቸውን በመድኃኒት አስተኝተው በኤሌክትሪክ ልባቸውን ወደ ቦታው መለሱት። ከቀናት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጠዋት ግን ያገኘችው ምስጋና አይደለም። በሰው ፊት አንድ አለቃ እንዲህ አላት፦ «ኢሲጂ ማንበብ የነርስ ሥራ አይደለም። አንቺ ቁጥሩን መዝግቢ፣ በቃ።»

እና የጻፈችልኝ ይሄን ለመጠየቅ ነው፦ «ቲቸር፣ ጥፋተኛ ነኝ እንዴ?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ሰሞኑን ስለዚህ ማሽን ታሪክ ሳነብ ቆየሁ። ይሄ ጽሑፍ መልሴ ነው፤ የሕክምናውን ክፍል እሷ ራሷ አይታልኛለች።

ከጋልቫኖሜትር እንጀምር

ያስተማርኳችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ማግኔት መሐል ሽቦ ታስቀምጣለህ፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው ይገፋል። ጋልቫኖሜትር ማለት ይሄው ነው። ያኔ ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር በሕይወታችን ምን ይሠራልናል?» ብሎ ክፍሉን አስቆ ነበር። እኔም «ለፈተና» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልሱ «ሰው ያድንበታል» ነበር።

ልብ በመታ ቁጥር ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ኦገስተስ ዎለር የሚባል ሐኪም ደረት ሳይከፍት፣ ከቆዳ ላይ ብቻ የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ መዘገበ። ጂሚ የሚባል ቡልዶግ ውሻ ነበረው፤ እግሮቹን ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ አስነክሮ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በ1909 ጉዳዩ እንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ደርሶ «ውሻው እየተሠቃየ ነው ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ። ሚኒስትሩም ውሻው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከመቆም ሌላ የደረሰበት ነገር እንደሌለ አስረዱ። የዎለር ችግር ሌላ ነበር፦ መሣሪያው ዘገምተኛ ስለሆነ የሚወጣው ሥዕል ድብዝዝ ነው።

ሥዕሉን ያጠራው ኔዘርላንድ ውስጥ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቪለም አይንትሆቨን ነው። በዚህ ምዕተ ዓመት ሳይሆን በባለፈው መጀመሪያ፣ ከ1901 ጀምሮ፣ አዲስ ጋልቫኖሜትር ይዞ ብቅ አለ። በሁለት ኃይለኛ ማግኔቶች መሐል በብር የተለበጠ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀጭን የኳርትዝ ክር ወጠረ። ከልብ የመጣችው ኤሌክትሪክ በክሩ ስታልፍ ክሩ ይርገበገባል፣ ጥላው በፎቶ ይቀረጻል። በቃ፣ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ! ማሽኑ ግን 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ሁለት ክፍል ይዞ፣ የሚያንቀሳቅሰውም አምስት ሰው ነበር። ሕሙማኑ ያሉት ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ስለነበር በስልክ ሽቦ አገናኛቸው። ዛሬ ወረቀቱ ላይ የምናያቸውን ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። በ1924 ኖቤል ተሸለመ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ኢሲጂ ማንበብ የጥቂት ፕሮፌሰሮች ሥራ ነበር። ማሽኑ ሕንፃ የሚያክል፣ ታማሚው በሌላ ሰፈር። ማንበብ ማለት ያለፈን ነገር ማጥናት ነበር እንጂ አሁን እየሞተ ያለን ሰው ማትረፍ አልነበረም።

ፈጣን ምት ሁሉ አንድ አይደለም

ሐኪሞች ከማሽኑ በፊትም የደም ሥር ሲዳስሱ ፈጣንና ዝብርቅርቅ ምት ያጋጥማቸው ነበር። ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። በ1909 ለንደን ውስጥ ቶማስ ሉዊስ በኢሲጂ ተመራምሮ ያ ሥርዓት የሌለው ምት የሚመጣው የላይኛው የልብ ክፍል መምታቱን ትቶ ሲንቀጠቀጥ መሆኑን አሳየ። በቪየናም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። ዛሬ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ይሄ የፈረንጅ በሽታ ብቻ አይደለም። እኛ አገር በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ለሪህ የልብ በሽታ ይዳርጋል፤ የልብ በር ይጠባል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ከዚያ ይሄው ምት በወጣቶች ላይ ጭምር ይመጣል።

ከዚህ የባሰ ግን አለ። በ1889 ስኮትላንዳዊው ጆን ማክዊልያም ሰው ድንገት የሚሞተው ልብ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ብቻ አይደለም፣ የታችኛው የልብ ክፍል በዝብርቅርቅ ሲንቀጠቀጥ ደም መርጨት ስለሚያቆም ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው ሳይሰማው ዓመታት አለፉ። ነገሩ ልክ ነበር። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን፣ ባጭሩ ቪኤፍ፣ ይሄ ነው።

ለማጠቃለል ያህል ተማሪዬ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። የኢሲጂ ወረቀት እንደ ግራፍ ወረቀት ባለ ሣጥን ነው። በተለመደው ፍጥነት አንድ ትልቅ ሣጥን 0.2 ሰከንድ፣ አንድ ትንሽ ሣጥን 0.04 ሰከንድ ነው። ምቱ እኩል እኩል የሚሄድ ከሆነ በሁለት ሹል ጫፎች መሐል ያሉትን ትላልቅ ሣጥኖች ቆጥረህ 300ን ለነሱ ታካፍላለህ። ሦስት ሣጥን ከሆነ 100፣ ሁለት ከሆነ 150፣ አንድ ተኩል ከሆነ 200። የዚያን ሌሊት የቆጠረችው አንድ ተኩል ነው።

ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛ፣ እኩል እኩል ይሄዳል ወይስ ይዘበራረቃል? ሁለተኛ፣ ሹሉ ቅርጽ ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ? ሦስት ትንንሽ ሣጥን ከሞላ ወይ ካለፈ ሰፊ ይባላል።

- ጠባብ፣ እኩል፣ ከፊቱ ፒ ሞገድ ያለው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሳይነስ ታኪካርዲያ ነው። ትኩሳት፣ የደም መፍሰስ፣ ሕመም ወይ ፍርሃት ያመጣዋል። እዚህ ላይ የሚታከመው መነሻው ነው።
- ጠባብ፣ እኩል፣ ድንገት ጀምሮ ድንገት የሚያቆም ከሆነ ኤስቪቲ የሚባለው ሊሆን ይችላል።
- ፒ ሞገድ የሌለው፣ ምንም ሥርዓት ሳይኖረው የሚዘበራረቅ ከሆነ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይጠረጠራል።
- ሰፊ፣ ፈጣንና እኩል ከሆነ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቪቲ፣ ማለትም ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ነው ተብሎ ይያዛል።
- ቅርጽ የሌለው ዝብርቅርቅ ሆኖ ታማሚው ራሱን ከሳተ ቪኤፍ ነው። ጊዜ የለም።

ለዚህ ነው «ቁጥሩን መዝግቢ» የሚለው ነገር ያናደደኝ። 150 የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ትኩሳትም ሊሆን ይችላል፣ ሞትም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ቅርጹ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ተገኘ፣ ሰው ግን መሞቱን ቀጠለ

በ1947 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ክላውድ ቤክ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ደረት ቀዶ ሲጨርስ የልጁ ልብ ቪኤፍ ውስጥ ገባ። ደረቱን መልሶ ከፈተ፣ ልቡን በእጁ እያሸ ቆየ፣ ከዚያ በቀጥታ ልቡ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ልጁ ዳነ። በ1956 ቦስተን ውስጥ ፖል ዞል ደረት ሳይከፈት ከውጭ እንደሚቻል አሳየ። በ1960 ካወንሆቨንና ባልደረቦቹ ደረትን በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል ጻፉ። ካወንሆቨን፣ ይሄን ስነግራችሁ ደስ እያለኝ ነው፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር! በ1962 ደግሞ በርናርድ ላውን በዲሲ የሚሠራና ከልብ ምት ጋር ተናቦ የሚለቅ ዲፊብሪሌተር አስተዋወቀ። መናበቡ ለምን አስፈለገ? ገና ምት ባለው ሰው ላይ ኤሌክትሪኩ በተሳሳተች ቅጽበት ካረፈ ራሱ ቪኤፍ ሊያስነሳ ስለሚችል ነው። የተማሪዬ ታማሚ የዳኑት በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ተሟላ ማለት ነው አይደል? ማሽን አለ፣ ዕውቀት አለ፣ መድኃኒት አለ። ሰው ግን ይሞታል። በዚያ ዘመን ሀርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡት ከመቶ 30 ያህሉ ከሆስፒታል በሕይወት አይወጡም ነበር።

ለምን? ምክንያቱ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ታማሚዎቹ በየዋርዱ ተበትነዋል፣ ማሽኑ ሌላ ክፍል ነው፣ የሚያነበው ሐኪም ሌላ ፎቅ ወይ ቤቱ ነው። ቪኤፍ የያዘው ሰው ደግሞ ያለ እርዳታ እያንዳንዷ ደቂቃ ባለፈች ቁጥር የመዳን ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 ይቀንሳል። ሐኪሙ ተጠርቶ እስኪመጣ አልቋል።

በ1961 ኤዲንብራ ውስጥ ዴዝመንድ ጁልያን የሚባል ወጣት ሐኪም ላንሴት መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ እነዚህን ሕሙማን አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ኢሲጂው ያለማቋረጥ ይታይ፣ አጠገባቸው ያለው ባለሙያም ሁሌ ዝግጁ ይሁን። በግንቦት 1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሂዩዝ ዴይ በካንሳስ ሲቲ ቤታኒ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ክፍል ከፈተ። ዛሬ ሲሲዩ የምንለው ነው።

ለውጡን ያመጣው ማን ነው?

አሁን ወደ ልቡ መጣን። በዚያው ጊዜ ፊላደልፊያ ፕሬስባይቴሪያን ሆስፒታል ውስጥ ሎረንስ ሜልትዘር የሚባል ሐኪምና ሮዝ ፒኔዮ የምትባል ነርስ አብረው እንዲህ ያለ ክፍል አቋቋሙ። የገባቸው ነገር ይሄ ነው፦ ማሽን መደርደር ብቻውን ሰው አያድንም። ሐኪም ሃያ አራት ሰዓት አልጋ አጠገብ አይቀመጥም። የምትቀመጠው ነርሷ ናት። ስለዚህ ምቱን የምታነበው፣ አደገኛውን ከማያሰጋው የምትለየው፣ ሐኪም እስኪመጣ የማይጠብቅ ነገር ሲሆን ደግሞ እርምጃ የምትወስደው እሷ መሆን አለባት።

በጊዜው ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ነርስ የሙቀት መጠን ትለካለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች። ምት አንብቦ «ይሄ ቪቲ ነው» ማለት ምርመራ ነው፣ ምርመራ ደግሞ የሐኪም ነው ተባለ። ነርስ ዲፊብሪሌተር ብትይዝ ሕጉ ምን ይላል ተብሎ በየቦታው ተከራከሩ። ተማሪዬ ጠዋት የሰማችው ቃል እኮ የስልሳ ዓመት ቃል ነው።

ክርክሩን የፈታው ሥራው ነው። ሜልትዘር፣ ፒኔዮና ኪቸል በ1965 የልብ ሕሙማንን ልዩ ክትትል ለነርሶች የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። ለነርሶች! ነርሶች ምት ማንበብ ተማሩ፣ ቪኤፍ ሲያዩ ራሳቸው ኤሌክትሪኩን መስጠት ጀመሩ። እንዲህ ባሉ ክፍሎች በሆስፒታል ውስጥ የሚደርሰው ሞት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። አዲስ መድኃኒት ስለተገኘ ብቻ አይደለም፤ የነበረው ዕውቀት ከፕሮፌሰሩ ቢሮ ወጥቶ አልጋው አጠገብ ስለደረሰ ነው።

ይሄ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ሐኪም ወደማይገኝበት ወረዳ የላከው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕውቀቱ ሕዝቡ ያለበት ይሂድ ተብሎ።

ልክ ያልሆነውንም እንናገር

ታሪክ አስተማሪ የሚሆነው ስሕተቱም ሲነገር ነውና፣ ማንበብ መቻል ብቻውን በቂ አይደለም።

አንደኛ፣ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ወረቀቱ ላይ የታየን ትርፍ ምት ሁሉ በመድኃኒት ማጥፋት ጥሩ ይመስል ነበር። በ1989 ካስት የሚባለው ትልቅ ጥናት ሁለት የታወቁ መድኃኒቶችን ፈትኖ ምቱን ቢያስተካክሉም ሰው እንደሚገድሉ አሳየ። ወረቀቱ አማረ፣ ሰውዬው ሞተ። የሚታከመው ሰው ነው፣ ወረቀት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማሽን ይዋሻል። ታማሚው ጥርሱን ሲፋቅ ወይ ሲንቀጠቀጥ ሞኒተሩ ላይ ቪቲ የሚመስል ነገር ይወጣል። ለዚህ ነው ነርስ መጀመሪያ የምታየው ሞኒተሩን ሳይሆን ሰውየውን፣ የምትዳስሰውም የደም ሥሩን የሆነው።

ሦስተኛው ያንን ሌሊት በቀጥታ ይመለከታል። በ1980ዎቹ ሐኪሞች ሰፊና ፈጣን ምት ያለበት ሰው ደህና ሆኖ ሲያወራ እያዩ «ይሄ ቪቲ አይሆንም» ብለው ለኤስቪቲ የሚሰጠውን ቬራፓሚል ይሰጡ ነበር። ከታማሚዎቹ የደም ግፊታቸው ወርዶ የወደቁ ብዙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየመማሪያው የተጻፈው ትምህርት ይሄ ነው፦ ሰው እያወራም ቪቲ ሊኖረው ይችላል። በተለይ ቀደም ሲል ሀርት አታክ ይዞት ከነበረ፣ ሰፊው ፈጣን ምት በአብዛኛው ቪቲ ነው። «ያወራሉ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል መፍጠን እንዳለብን ይነግረናል እንጂ ምቱ ምን እንደሆነ አይነግረንም።

ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። ሌሊት ነው፣ ደክሞታል፣ ስንት ዋርድ እንደያዘ ማን ያውቃል። የሳተውም ከሱ በፊት ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሳቱትን ነው። ደግሞም በመጨረሻ መጥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ የጠዋቱ ቃል ነው። የሌሊቱ ስሕተት በሦስተኛው ስልክ ታረመ። የጠዋቱ ቃል ካልታረመ ግን የሚቀጥለዋ ነርስ ሁለተኛውን ስልክ አትደውልም።

መልሴ

ልጄ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም። የሠራሽው ሥራ የማንንም ሥራ መቀማት አይደለም። ሮዝ ፒኔዮና ጓደኞቿ ከስልሳ ዓመት በፊት ተከራክረው ያስከበሩት የራስሽ ሥራ ነው። መድኃኒት አላዘዝሽም፣ በራስሽ ኤሌክትሪክ አልሰጠሽም። አየሽ፣ ለየሽ፣ ጠራሽ። አልመጣ ሲል ደግመሽ ጠራሽ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ወረቀቱን ያዢ፣ ሰዓቱን ጻፊ፣ ስትደውዪ «ምቱ 200 ነው» ብቻ አትበዪ፤ «ምቱ 200፣ ሰፊ፣ እኩል፣ ታማሚው ቀድሞ ሀርት አታክ የነበረባቸው፣ ግፊታቸው ይሄን ያህል» በዪ። ይሄን ምክር የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ፤ እኔ መልሼ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልበል። እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። «ይሄ ያንተ ደረጃ አይደለም» የሚለውን ቃል ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ደረጃ መኖሩን አልቃወምም፤ ብዙ የተማረ ብዙ ኃላፊነት አለበት። ግን ማየት በደረጃ አይደለም። አልጋው አጠገብ ያለ ሰው ያየውን አይቷል።

ያ ከኋላ ወንበር የጠየቅከኝ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ መልስህ ይኸው። ጋልቫኖሜትሩ አብራህ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የነበረችው ልጅ እጅ ገብቶ አንድ አባት ቤታቸው ገብተዋል።

ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሐኪሞች የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። የናንተንም ሌሊት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የታማሚ ስም ሳትጠቅሱ። ለተረኞች በሙሉ ሰላም የሞላበት ሌሊት ይሁንላችሁ።